ያልወረደ ሙሾ

ጥቅምት ሲገባ ይጀምረኛል። ኮሎራዶ ውስጥ፣ አውሮራ ላይ ብኖርም ብርዱን የምቆጥረው በአገሬ ወር ነው። ማታ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬን ላስነሳ ስል ከሰሜን፣ ከዋዮሚንግ በኩል የሚወርደው ነፋስ መስታወቱን ይደበድበዋል። በነፋሱ መሐል አንድ ሰው ይጠራኛል። በቤት ስሜ ነው የሚጠራኝ፣ እናቴና አንተ ብቻ በምታውቁት። እናቴ ዐርፋለች። ስለዚህ አንተ ነህ።

የሰፈሬ ልጅ፣ የት ነህ?

ስምህን እዚህ አልጽፈውም። በሕይወት ካለህ፣ አገር ቤትም ካለህ ስምህ ያስጠይቅሃል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግን ግንኙነት በእስራት ይቀጣል፤ ሕጉ ቢያንቀላፋ ደግሞ ሰፈሩ አያንቀላፋም። ደግሞስ ምን ብዬ ልጻፍህ? አንተን ለመሰለ ሰው በአማርኛ ያሉን ቃላት ሁሉ ከወንጭፍ የወጡ ናቸው። አሁን አሁን “ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ” የሚባል መጥቷል፤ ድንጋይ የለበትም፣ ግን ከቢሮ ወረቀት የወጣ እንጂ ከእናት አፍ የወጣ አይመስልም። እና “የሰፈሬ ልጅ” እልሃለሁ።

ከመንዝ የመጡት አያትህ፣ እማማ፣ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። የሰው ሞት ሲሰማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድንኳን ከመግባታቸው በፊት በየጓሮው ይዞሩ ነበር፤ አንተ ከዘራቸውን ይዘህ ትከተላለህ። ሟቹ ምን ይወድ ነበር? ማንን ያበላ ነበር? ከማን ጋር ሳይታረቅ ሄደ? የሰበሰቡትን በሆዳቸው ይዘው ለቀስተኛው መሐል ሲቆሙ ሰውየው እንደገና በእግሩ ይመጣል። ብቻውንም አይመጣም። እማማ የበደለውን ሰው ስም ሳይጠሩ በግጥም ይወጉታል፤ የተወጋው በሰው ፊት ያለቅሳል፤ ልቅሶው ኑዛዜ ይሆንለታል። ያን ጊዜ ልጆች ስለነበርን ሙያ አልመሰለንም። ዛሬ ሳስበው ሰፈሩ ከዚያ የሚበልጥ ፍርድ ቤት አልነበረውም።

አንተ ያን ሁሉ በቃልህ ያዝከው። በአሥራ ሦስት ዓመትህ ለሞተች ድመት ሳይቀር ታወርድ ነበር። (የድመቷን ሙሾ እስካሁን አስታውሰዋለሁ፤ ያስቃል፣ መጨረሻው ላይ ግን ጉሮሮ ይይዛል።) ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ። ሙሾ የሴት ነው አለ። ቀጥሎ ሳቁ ስም አወጣልህ። ቀጥሎ ስሙ ድንጋይ አነሣ።

መስከረም 1991 ዓ.ም. ነው፣ አደዩ ገና አልረገፈም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አምስት ነበርን። አንተ ከመንገዱ ማዶ ነህ፤ ቅንድብህ ተፈንክቷል፣ ደብተርህ ጭቃ ላይ ተበትኗል። በቤት ስሜ ጠራኸኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራኸኝ፣ እሱንም ጮክ ብለህ አይደለም። አራቱ ልጆች ፊቴን አዩ። እኔ እርምጃዬን ሳልቀንስ፣ የሆነ ቦታ እንደ ዘገየ ሰው፣ አለፍኩ።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ያየህ የለም።

አሁን ስለ አንድ ሌላ ልጅ ልንገርህ፤ የማወራልህ ከአንተ ጋር ሳላገናኘው መኖር ስላቃተኝ ነው።

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ በስቴፕለር የተያያዘ ወረቀት ይዛ መጣች። “አባዬ፣ ቃሌን አስጠናኝ” አለችኝ። በትምህርት ቤቷ የሚሠሩት ቴአትር ዘ ላራሚ ፕሮጀክት ይባላል፤ የእሷ ድርሻ ሬጂ ፍሉቲ የምትባል ፖሊስ ናት። እናቷ ነገሩ ስለምን እንደሆነ ስትሰማ ድስቱን ከምድጃ አውርዳ ተቀመጠች። “ሌላ ቴአትር ጠፍቶ ነው?” አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታ የቆየ ሙያዬ ነው።

ተውኔቱ ከስልሳ በላይ ሰው አለበት፤ ስምንት ተዋንያን እየተለዋወጡ ይሠሩታል። በእኛ ሳሎን ግን ሁለት ብቻ ነበርን። እሷ ፖሊሷን ስትሆን እኔ ሌላውን ሁሉ ሆንኩ፦ ቄሱን፣ መጠጥ ቀጂውን፣ ሐኪሙን፣ የገዳዩንም ቃል አነበብኩ። የገዳዩን ሳነብ ድምፄ ከሌላው አልተለየም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጁ ማቲው ሼፐርድ ይባላል፤ በእኛ ማቴዎስ መሆኑ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ከልጄ አይበልጥም። የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ፖለቲካል ሳይንስ ያጠናል፤ ወንድ እንደሚወድ አይደብቅም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1998 ማታ ላራሚ ከተማ ውስጥ ፋየርሳይድ ከሚባል መጠጥ ቤት ሁለት የእድሜ እኩዮቹ በመኪና ይዘውት ወጡ። ከከተማው በስተምሥራቅ ሜዳ ላይ ዘረፉት፣ በሽጉጥ ራሱን ደጋግመው ቀጠቀጡት፣ ከእንጨት አጥር ጋር አሰሩት፣ ጫማውን ወስደው ሄዱ። ቀኑን ወደ እኛ ዘመን ለወጥኩት። መስከረም 26 ቀን 1991። ሁለታችሁም በአንድ ወር ነው የወደቃችሁት፤ ልጄ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ጣቴ እዚያ ጋ ቀረ።

ላራሚ ከባሕር ወለል ወደ 2,200 ሜትር ትጠጋለች። ከአዲስ አበባ ጥቂት ብቻ ዝቅ ትላለችና የደጋ ሌሊት ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ልጁ ወደ አሥራ ስምንት ሰዓት እዚያው ቆየ። በማግሥቱ በብስክሌት የሚያልፍ ተማሪ መጀመሪያ ሲያየው ለወፍ ማስፈራሪያ የተተከለ ነገር መሰለው። ቀጥላ የደረሰችው ፍሉቲ ናት። ፊቱ በደም ተሸፍኖ እንባው የወረደበት መስመር ብቻ ንጹሕ ሆኖ አገኘችው። የሚረባ ጓንት አልነበራትም፤ በተሰነጣጠቀ ባዶ እጇ ነካችው፣ ገመዱን ቆረጠችለት። በኋላ ልጁ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ እንዳለ ተነገራት። ሳምንታት መድኃኒት እየዋጠች ስትጠብቅ ከረመች፤ ውጤቱ ነጻ ሆነ። ልጄ ይህን ክፍል በተናገረች ቁጥር እጆቿን ወደ ፊት ትዘረጋለች። ማንም አላስተማራትም።

አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? እኔ እንዳንተ አልችልም፣ ግን ሌሊት መኪና ስነዳ ይህ ወጣኝ፦

አጥርስ ለከብት ነው ጅብ እንዳይጥለው፣
ማን የእናቱን ልጅ ካጥሩ ሥር ጣለው።

ወላጆቹ ጁዲና ዴኒስ ያን ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያ ነበሩ፤ አባቱ ደሃራን ላይ በነዳጅ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ከሳዑዲ በሌሊት ስልክ ሲጮኽ እንዴት እንደምንደነግጥ ታውቃለህ፣ ስንቱን እህታችንን ወደዚያ ልከናል። ለእነሱ ስልኩ ወደ ሳዑዲ ነው የጮኸው። በእኛ ወግ ክፉ ወሬ ለሰው በብቻው አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በሩን አንኳኩቶ ነው። እነሱ ግን ያን ወሬ በጆሯቸው ይዘው ባሕርና አህጉር ተሻገሩ። ሲደርሱ ልጃቸውን በፋሻ ውስጥ አገኙት። ጥቅምት 2 ቀን ሌሊት፣ ፎርት ኮሊንስ ባለው ሆስፒታል ሞተ። ከእኔ ቤት በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ሬሳው አልጋ ላይ እያለ ላራሚ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ ኋላ ጥቂት ሰዎች ስሙን በጨርቅ ጽፈው ይከተላሉ… ይቅርታ፣ ሬሳ አልኩ። ገና እስትንፋስ ነበረው። እንዲህ ነው እኛ ሰውን ቀድመን የምንቀብረው። ጥቂቶቹ ሲያልፉ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ከመንገዱ እየወረደ ይቀላቀላል፤ ሰልፉ ከተማውን ዞሮ ሲመለስ ያ ጅራት በመቶዎች የሚቆጠር ሆኖ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ የቆጠርኩት ከመንገድ የወረዱትን ነው። የእኛ መንገድ ስፋቱ ስንት ነበር? ስምንት እርምጃ? ዐሥር?

ከአንድ ወር በኋላ፣ ኖቬምበር ላይ፣ ካራካስ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚኖር ሞይሴስ ካውፍማን የተባለ የቴአትር ሰው የቡድኑን አባላት ይዞ ላራሚ ገባ። ቡድኑ ቴክቶኒክ ይባላል። ደጋግመው እየተመላለሱ ከሁለት መቶ በላይ ቃለ ምልልስ ሰበሰቡ። ገበሬውን፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሯን፣ የሊሙዚን ነጂውን፣ የካቶሊኩን ቄስ፣ “አዝናለሁ፣ ግን…” የሚለውን ሁሉ ጠየቁ። ምን ይወድ ነበር? ማን አየው? ማን ዝም አለ? ከሰሙት በቀር ከራሳቸው ብዙ አልጨመሩም፤ የሰዎቹን ቃል መርጠው፣ አጋጥመው፣ መድረክ ላይ አቆሙት። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እነዚያ ኒው ዮርኮች አዲስ ነገር ያገኙ መስሏቸዋል፤ የአያትህን የጓሮ ዙረት ነው የዞሩት።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ እዚሁ ዴንቨር ታየ፤ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ላራሚ ገብቶ ቃሉን ለባለቤቶቹ መለሰ። ራሳቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ይሠራል፤ በአንዳንዱ ቦታ ወላጆች ይቃወማሉ፣ ያስከለክላሉም።

ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የላራሚ ተማሪ ነው። ለነጻ ትምህርት ዕድል ሲወዳደር ከኤንጅልስ ኢን አሜሪካ አንድ ትዕይንት መረጠ፤ የሚጫወተው ወንድ የሚወድ ሰው ሆኖ ነው። የቀድሞ ሥራዎቹን ሁሉ ያዩለት እናትና አባቱ ለዚህኛው አንመጣም አሉት። ማክቤትን ሲጫወት መጥተዋል፤ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን አይተው አጨብጭበዋል። ይህን ክፍል ሳስጠናት ልጄ ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። “እናንተስ?” አላለችም። ባህሏን ታውቃለች።

ደግሞ የክንፎቹ ነገር አለ፤ ይህን አንተ በጣም ትወደው ነበር። ከካንሳስ የመጣ አንድ ሰባኪ በማቲው የፍትሐት ጸሎት ዕለት፣ በረዶ እየጣለ፣ ቤተ ሰቡ እያየ፣ ሟቹ ሲኦል ገብቷል የሚል ጽሑፍ ይዞ ከተከታዮቹ ጋር ቆሞ ነበር። ክርስቲያን ነኝ ባይ ነው። በለቅሶ ላይ! በእኛ አገር ደመኛ እንኳ አስከሬን ሲያልፍ ቆቡን ያወልቃል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1999 ከገዳዮቹ የአንደኛው ፍርድ ሲሆን ይኸው ሰውዬ ላራሚ መጣ። የማቲው ጓደኛ ሮሜን ፓተርሰን ጓደኞቿን ሰብስባ ከነጭ አንሶላና ከፕላስቲክ ቧንቧ ትላልቅ የመላእክት ክንፎች ሠራች። ክንፎቹን ለብሰው ሄዱ፣ ሰባኪውን ከበቡት፣ ክንፋቸውን ዘረጉ፣ ቆሙ። አልተሳደቡም፣ አልመለሱለትም። ጽሑፉ ከነጩ ኋላ ጠፋ። ሚስቴ ይህን ስነግራት “እንደ ነጠላ” አለች። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው እንደሚጋርዷት ማለቷ ነው። ስለ ቴአትሩ መጀመሪያ የተናገረችው በጎ ቃል ይኼ ነበር።

ቀኑ ደረሰ፣ ሄድን። ሚስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከአጠገቤ፣ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ልጄ ወጣች፣ እጆቿን ዘረጋች፣ ተናገረች። ሚስቴ ዝም ብላ አየች። ወደ መጨረሻው ላይ አባትየው ፍርድ ቤት የተናገረው አለ። ሁለተኛው ገዳይ ሞት ሊፈረድበት ይችል ነበር። ዴኒስ ሼፐርድ ግን ልጁን አስቦ ሕይወቱን ተወለት፤ ሁለቱም የዕድሜ ልክ እስራት ነው የተፈረደባቸው። ስለዚያ ሌሊትም ተናገረ፤ ልጄ ብቻውን አልነበረም አለ፣ ከዋክብቱን፣ ጨረቃውን፣ ነፋሱን፣ የጥዱን ሽታ እየቆጠረ። ያን ጊዜ ከአጠገቤ ድም የሚል ነገር ሰማሁ። ሚስቴ ደረቷን ትመታለች። “እኔን! እኔን!” ትላለች፣ በአማርኛ፣ እንደ ድንኳን ለቅሶ። የፈረንጅ ወላጆች ዘወር ብለው አዩን። ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር። እጇን ያዝኳት።

የሚገርመው፣ የቴአትር ቡድኑ ከአሥር ዓመት በኋላ ላራሚ ሲመለስ ከተማው ሌላ ወሬ ይዞ ጠበቀው። ዘረፋ ነው፣ የዕፅ ነገር ነው፣ ጥላቻ አይደለም ይል የነበረው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለተኛ ተውኔት ሠሩ፤ ይህን ወሬ ራሱን መድረክ ላይ አወጡት። ዘርፈውታል፣ እውነት ነው። ለዘረፋ ግን ያን ያህል ምት አያስፈልግም፤ እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። የእኛም ሰፈር ስለ አንተ የሚለው አለው። “ወደ ዘመዶቹ ሄደ” ይላል። የትኞቹ ዘመዶች?

በዚያው በ2009 ኦክቶበር 28 ቀን ፕሬዚዳንት ኦባማ የጥላቻ ወንጀልን የሚመለከተውን የፌዴራል ሕግ ፈረመ። ሕጉ የሁለት ሟቾችን ስም ይዟል፦ የማቲውንና የጄምስ በርድን። በርድ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1998 ጁን ላይ ጃስፐር፣ ቴክሳስ ውስጥ ሦስት ነጮች ከመኪና ኋላ አስረው ጎትተው የገደሉት ጥቁር ሰው ነው። ለጥቁሩ የምናለቅስ፣ ለነጩ ግን አንገታችንን የምንሰብር አበሾች ሁለቱ ስም በአንድ ወረቀት ላይ መሆኑን ብናየው ደግ ነው። ዋዮሚንግ ራሷ እንዲህ ያለ የክፍለ ግዛት ሕግ አላወጣችም። የላራሚ ከተማ ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በሥራና በመኖሪያ ቤት አድልዎ የሚከለክል ደንብ አጽድቋል።

እናቱ ጁዲ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች ዓመታት አወራች። ከባሏ ጋር በልጃቸው ስም ድርጅት አቁመዋል። የልጃቸውን ዐመድ ግን ለመሬት መስጠት ፈርተው ነበር፤ መቃብሩን ያረክሱታል ብለው። ሃያ ዓመት ያዙት። አስበው እስቲ፦ አርባ አልፎ፣ ሙት ዓመት አልፎ፣ ሃያ ጥቅምት አልፎ፣ እርም አልወጣም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2018 ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ ካቴድራል ተቀበለው። ከምድር ቤቱ፣ ሄለን ኬለር ባረፈችበት ስፍራ አስቀመጡት። ካቴድራሉ ያለበትን ጎዳና የዋሽንግተን አበሻ ታክሲ ነጂዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ስንቱን ሰው ደጁ ላይ አውርደዋል።

አንተን ማን ተቀበለህ?

በመጨረሻ ከልጄ ጋር ላራሚ ሄድን። አጥሩ የለም፤ ነቅለውታል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ስሙ ያለበት አግዳሚ ወንበር አለና እዚያ ተቀመጥን። ነፋሱ እንደዚያው ነው። ልጄ “አባዬ፣ ለምንድን ነው እንዲህ የሆንከው?” አለችኝ። ነገርኳት። የአያትህን የጓሮ ዙረት፣ ደብተሩን፣ ጭቃውን፣ አራቱን ልጆች፣ የቤት ስሜን። ለሰው ስነግር የመጀመሪያዬ ነው። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አስታውሳ የአያትህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ምን ይወድ ነበር? አለች። የተጠበሰ በቆሎ፣ የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ የጥላሁን ዘፈን አልኳት። ማንን ያበላ ነበር? እኔን፤ ምሳዬን ስረሳ እንጀራውን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ከማን ጋር ሳይታረቅ ሄደ?

ስሜን ስትጠራ አልፌህ ሄጄ፣
ዛሬ እጣራለሁ ቁሜ ከደጄ።

ይኸው ነው፣ ከዚህ አልዘለለም። አንተ ብታርመው ምን ያምር ነበር።

አንባቢዬ፣ አዲስ አበባም ሁን ናይሮቢ፣ ቤይሩትም ሁን ቶሮንቶ፣ ከአርባ ያለፈ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ የድንጋይ ጠባሳ ያለው፣ ለድመት ሙሾ የሚያወርድ ሰው ብታገኝ፣ ያ የጠራኸው ልጅ ዞሯል በልልኝ።